የሙሶሊኒ ፊት ያለበትን አልበም ጎንደር ላይ እናጫውተው?

ከማራኪ፦
ሰላም ቤተሰብ። የቅዳሜውን አልበም በተመለከተ መግባባት ስላቃተን ክርክሩን እዚህ አምጥቼዋለሁ። ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። ፒያሳ ካለው ካፌ እየተሰበሰብን ብዙ ሰው ያላወቀው አንድ የፕሮግረሲቭ ሮክ (ረጃጅምና ውስብስብ ሥራዎች ያሉት የሮክ ዓይነት) አልበም ከዳር እስከ ዳር እንሰማለን። ከዚያ እናወራለን። የአልበሙን ሽፋን አትመን ግድግዳው ላይ መለጠፍም ልማዳችን ነው።

እኔ የመረጥኩት የጣሊያኖቹን የሙዜዮ ሮዘንባክን «ዛራቱስትራ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሪኮርዲ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ያወጣው ነው። ጣጣው ሽፋኑ ላይ ነው። በጥቁር መደብ ላይ ከቁርጥራጭ ምስሎች የተገጣጠመ የሰው ራስ አለ። ከቁርጥራጮቹ አንዱ የሙሶሊኒ ሐውልት ነው። በዚህ የተነሳ ባንዱ በአገሩ ፋሽስት ተብሎ ተወነጀለ። የመንግሥት ጣቢያው ራይም ጀርባውን ሰጠው። አባላቱ በፋሽዝም አናምንም ብለው ቢያስተባብሉም ብዙም ሳይቆዩ ተበተኑ።

የኔ አቋም፣ እንስማው ነው። ሙዚቃው በጣም ትልቅ ነው። አንዱ የሸክላ ገጽ ሙሉውን አንድ ሥራ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ። ለአንድ ምስል ሲባል ይህን ያህል ሙዚቃ መጣል አይዋጥልኝም። እናንተስ?

ከቸቸላ፦
ልጄ፣ ሙዚቃውን አልሰማሁትም፤ ስለዚህ በሙዚቃው አልከራከርህም። የምከራከርህ በቦታው ነው።

ጃንሆይ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲገቡ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። እዚህ ነገሩ ያለቀው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ፣ ቁልቋል በር ላይ ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ። በጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻዋ ምሽጋቸው የኛ ከተማ ናት። አያቴ አርበኛ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ጠባሳቸውን በጣቴ ነክቼዋለሁ። የዚያን ሰውዬ ፊት ፒያሳ ላይ ሰቅለን፣ ከሥሩ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ልንጠጣ? እኔ በበኩሌ ነውር ነው እላለሁ።

ከአዘዞ፦
ጋሼ፣ አክብሬ ልጠይቅዎ። ፖስታ ቤቱን የሠራው ጣሊያን ነው። ሲኒማ ቤቱንም እንደዚያው። ፒያሳን ራሷን ማን ፒያሳ አላት? በየቀኑ እንገባለን፣ እንወጣለን። ማንም ነውር ነው ብሎ አያውቅም። በዘፈን ላይ ሲሆን ለምን ይከብደናል?

ከቸቸላ፦
ፖስታ ቤቱ ላይ የማን ፊት ተለጥፏል? ሕንፃው ጥለውት የሄዱት ነው፤ ወርሰነዋል፣ የኛ ሆኗል። ደብዳቤ እንልክበታለን። ይህኛውን ግን ማንም ጥሎብን አልሄደም። እናንተ ናችሁ ፈልጋችሁ የምታመጡት።

ከሳሙና በር፦
ጋሼ ያሉት ገብቶኛል። ግን ሙዚቃውን ያልሰማ ሰው ምን እየተወው እንደሆነ ይወቅ ብዬ ነው። ሜሎትሮን የሚባለውን መሣሪያ ታውቁታላችሁ? ኪቦርድ ነው፤ ግን ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር እንደ ካሴቱ ያለ ክር አለ። ክሩ ላይ እውነተኛ ቫዮሊን ወይም የመዘምራን ድምፅ ተቀድቷል። ቁልፉን ስትጫን ክሩ ይጎተታል። ስምንት ሰከንድ ያህል ይጫወትና ያልቃል፤ እንዲመለስ ጣትህን ማንሳት አለብህ። ስለዚህ ተጫዋቹ አንድ ድምፅ ላይ ተኝቶ መቆየት አይችልም። ሁልጊዜ ሊያልቅበት እየሮጠ ነው። «ዛራቱስትራ» ላይ ያ ጭንቀት ይሰማል። ሃሞንድ ኦርጋኑ ከሥር ሲያጉረመርም፣ ሜሎትሮኑ ከላይ ሲከፈት፣ ዘፋኙ ሉፖ ጋሊፊ በዚያ ሻካራ ድምፁ ሲገባ፣ እኔ በበኩሌ ሰውነቴን ይወረኛል። በጥሩ ስፒከር፣ ከሰው ጋር ሆኜ ልሰማው እፈልጋለሁ።

ከልደታ፦
እኔ አስጎብኚ ነኝ። ከጣሊያን የመጡ እንግዶችን ፋሲል ግቢ ይዤ ስዞር ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 አነሳባቸዋለሁ። ትምህርት ቤት አልተማርነውም የሚሉኝ አሉ። ደንግጠው ዝም የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠራለት፤ ያውም በሕዝብ ገንዘብ። ስለዚህ «ያለፈ ነገር ነው» የሚለኝ ካለ አልቀበለውም።

ግን ሁለቱን አንድ አናድርጋቸው። አፊሌ ላይ የተሠራው ሰውየውን ለማክበር ነው፤ አያከራክርም። የዚህ አልበም ሽፋን ግን ያክብር ይውቀስ አይታወቅም። ሐውልቱን ከሌሎች ምስሎች መሃል ጣል አድርጎት ያልፋል። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው። አሬያ የሚባለውን ባንድ አስቡት። በዚያው በ1973 ያወጡት አልበም ርዕሱ «አርባይት ማኽት ፍራይ» ነው፤ በናዚ ማጎሪያ ካምፕ በር ላይ የተጻፈው። ሲሰሙት ይዘገንናል። ነገር ግን አሬያዎች ግራ ዘመም መሆናቸውን አልደበቁም፤ ርዕሱን ለክስ እንዳመጡት ማንም አይጠራጠርም። ዘፋኛቸው ዴሜትሪዮ ስትራቶስ አሌክሳንድሪያ፣ ግብፅ የተወለደ የግሪክ ልጅ ነው። የጣሊያን አልበም ካስፈለገ እሱ አይሻልም?

ከማራኪ፦
አሬያን እወዳቸዋለሁ፤ ተራቸውም ይደርሳል። ግን «አቋሙን ያልተናገረ አይሰማ» ካልን ከዚያ ዘመን ስንት አልበም ይተርፈናል?

ግጥሙን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አልሸሽግም። ሐሳቡ የተነሳው ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከኒቼ መጽሐፍ ነው። ኒቼን ደግሞ ፋሽስቶቹም ናዚዎቹም ለራሳቸው ሲጠቅሱት ኖረዋል። በዚያ ላይ ሽፋኑ ሲጨመር ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ግጥሙ ራሱ ስለ ሰው፣ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ጊዜ መመላለስ ነው የሚያወራው። ለጦር የሚቀሰቅስ፣ አንዱን ዘር ከአንዱ የሚያበላልጥ ነገር አላገኘሁበትም። ልጆቹም ከተበተኑ በኋላ የሄዱበትን እዩ። ከበሮ መቺው ጃንካርሎ ጎልዚ ማቲያ ባዛር ከሚባል የፖፕ ባንድ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኖቫ ላይ የተቋቋመ ባንድ ደግሞ ስሙን ከዚያ ሃያ ደቂቃ ገደማ ከሚፈጀው ሥራ የመጨረሻ ክፍል ወሰደ፣ ኢል ቴምፒዮ ዴሌ ክሌሲድሬ። ጋሊፊ ራሱ ገባበት። አልበሙን ያቆየው የሙዚቃ ፍቅር ነው፤ የፖለቲካ ቡድን አይደለም።

ከፒያሳ፦
እኔ ካፌው ጎረቤት ነኝ። ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ካፌው የኛ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ማታ ከሥራ የወጣ ሰው፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የመጣ ሰው ይገባል። እሱ የኒቼን ታሪክ አልሰማም፤ የሚያየው ግድግዳው ላይ ያለውን ፊት ነው። ሙዚቃውን መስማት አንድ ነገር ነው። ምስሉን ላልጠየቀ ሰው ማሳየት ሌላ ነው።

ከማራኪ፦
ይህ አሳምኖኛል። ሽፋኑ አይለጠፍ። ሙዚቃው ይሰማ፤ ግን ከመጀመሩ በፊት የሽፋኑን ጉዳይ ሳልደብቅ እናገራለሁ። እህቴ ከልደታ፣ ፈቃድሽ ከሆነ አንቺ ደግሞ ስለ ጎንደር ከ1928 እስከ 1934 የሆነውን ትነግሪናለሽ። እንደፈለግሽው አርዝሚው።

ከልደታ፦
እነግራለሁ። ስለ መርዝ ጋዙም አነሳለሁ፤ የሚከብደው ካለ ከወዲሁ ይወቅ።

ከአዘዞ፦
እኔ አሁንም አልተስማማሁም። ሽፋኑ የሥራው አካል ነው። በአፍ ተርከን በዓይን ከምንከለክል፣ ሰው አይቶ ራሱ ቢፈርድ ይሻላል። ቢያንስ በእጅ እየተቀባበልን የሚፈልግ ይየው።

ከፒያሳ፦
በእጅ ከሆነ ችግር የለብኝም። ግድግዳው ላይ ግን አይሆንም።

ከቸቸላ፦
እሺ፣ የኔን ልንገራችሁ። ታሪኩ ሲነገር እገኛለሁ፤ የምጨምረውም አለኝ። ሙዚቃው ሲጀመር ግን እወጣለሁ። ማንም እንደ ኩርፊያ እንዳይቆጥርብኝ። አያቴ ባይሰሙኝም እኔ ለራሴ አልችለውም። እናንተ ስሙ፤ አልከለከልኩም።

ከሳሙና በር፦
ጋሼ፣ እናከብርዎታለን። እኔ ነኝ የምሸኝዎት።

ከማራኪ፦
ለሚቀጥለው ቅዳሜ የብራዚሎቹን የባካማርቴን «ዴፖይስ ዶ ፊም» ይዣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ተቀርፆ እስከ 1983 ድረስ ሳይወጣ የቆየ ነው። ዋሽንት አለው፣ አኮርዲዮንም አለው። ጋሼ፣ አኮርዲዮን እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

ከቸቸላ፦
አኮርዲዮን ካለው እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ። ከፊት ወንበር ያዙልኝ።