ከፒያሳ እስከ ለገሃር ቁልቁል፦ መጻሕፍት፣ ጠጅና የቆዩ ዕቃዎች ለሚወዱ ባልና ሚስት

ጥያቄ፦ የሐዋሳው መንገደኛ

ጤና ይስጥልን። እኔና ባለቤቴ የተጋባንበትን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ ልጆቻችንን ለእናቴ ትተን በኅዳር መጀመሪያ ሦስት ቀን አዲስ አበባ ለመቆየት አስበናል። እስከ ዛሬ ወደ ከተማዋ የመጣነው ለሕክምና፣ ለለቅሶ ወይም ለጉዳይ ስለነበረ ሳንቸኩል በእግራችን አይተናት አናውቅም። ባለቤቴ የመጻሕፍት ሰው ናት፤ በልጅነቷ አባቷ ያነቡላት የነበረ፣ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የታተመ አንድ የተረት መጽሐፍ ለዓመታት ስትፈልግ ቆይታለች፤ ርዕሱን ግን በትክክል አታስታውሰውም። እኔ ጥሩ ድራፍትና ጥሩ ጠጅ እወዳለሁ፤ ቢራ ሲጠመቅም ባይ ደስ ይለኛል። የቆዩና እንግዳ የሆኑ ዕቃዎች የሚሸጡባቸው ሱቆች ደግሞ ሁለታችንንም ይስቡናል። ማረፊያችን ለገሃር ነው። ከየት ብንጀምር ይሻላል?

መልስ፦ የቸርችል ጎዳና እግረኛ

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ማረፊያችሁ ለገሃር ቢሆንም ጉዞውን ከዚያ አትጀምሩ። ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር የሚወርድ ቁልቁለት ስለሆነ፣ ጠዋት በታክሲ ፒያሳ ወጥታችሁ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያላችሁ ብትወርዱ አትደክሙም። መነሻችሁ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና የሚቆላው ቶሞካ ይሁን፤ ቡናው የሚጠጣው ቆሞ ነው። ፒያሳን በዱሮ መልኳ የሚያውቅ ሰው ማዘኑ አይቀርም፤ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ እኔም ዛሬ በዚያ ሳልፍ የማውቀውን ቅያስ ፍለጋ ዓይኔ ይንከራተታል።

ወደ ታች ስትወርዱ በዋናው ፖስታ ቤት ያለውን የቴምብር ሙዚየም ሳታዩ አትለፉ። በዚያው አካባቢ የባህል ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ መስቀል፣ ሙዳይ፣ የብር ጌጥ፣ ጠገራ ብርም ታገኛላችሁ። ሻጩ በጠገራው ላይ የተቀረጸውን 1780 እያሳየ የዕድሜውን ዋጋ ቢጠይቃችሁ አትቀበሉት፤ ምስሏ በጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ በየዘመኑ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ስለወጣ፣ ዓመቱ ስለ ሳንቲሙ ዕድሜ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

መልስ፦ ብርሌ

ስለ መጠጡ እኔ ልመልስ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ለአገራችን ቢራ ፋብሪካዎች ቀዳሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ፋብሪካ ያለ ቀጠሮ ዘው የሚሉበት ስፍራ አይደለም። ሲጠመቅ ማየት ከፈለጉ፣ ከመሃል ከተማ ወጣ ቢልም፣ በቦሌ የሚገኘው ቢር ጋርደን ኢን ቢራውን በጀርመን አሠራር እዚያው እየጠመቀ ስለሚያቀርብ አንዱን ምሽት ለእሱ ይተዉለት።

ለእኔ ግን የጉዞው ዋና ነገር ጠጁ ነው። ጠጅ ቤት ሲገቡ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ የሚለውን አስቀድመው ይወስኑ። ደረቁ ማሩ ብዙ ፈልቶ ጣፋጭነቱ ያለቀለት፣ የጌሾው ምሬት ጎልቶ የወጣ ነው፤ ሲቀምሱት ቀለል ቢልም ሲነሡ ይታወቃል። እኔ በመካከለኛው እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ማሩን በስኳር የሚተኩ ቤቶች ስላሉ፣ ከብርሌው ከመጎንጨትዎ በፊት ያሽትቱት፤ የማር ሽታ የሌለው ጠጅ ቢጫነቱ ብቻውን ሊያታልልዎ አይገባም። ባለቤትዎ የሚያሰክር ነገር የማይወዱ ከሆነ ያልፈላውን ብርዝ ይጠይቁላቸው። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ስለሚገባ፣ ከጠጁ ጋር ጥብስ ካሰባችሁ ከዚያ በፊት መምጣታችሁ መልካም ነው፤ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ተጠንቀቁ።

መልስ፦ የአሮጌ መጻሕፍት ደንበኛ

እኔን የነካኝ የባለቤትዎ መጽሐፍ ነው። እኔም አንዱን ለስድስት ዓመት ፈልጌ ያገኘሁ ሰው ስለሆንሁ እንዲህ እላለሁ፦ ፍለጋውን ከሻጮች አትጀምሩ። ርዕሱ በትክክል ካልታወቀ ሻጩ የሚያቀርብላችሁ ያለውን እንጂ የምትፈልጉትን አይደለም። መጀመሪያ በ1936 ዓ.ም. ወደተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር ሂዱና ባለቤትዎ የሚያስታውሱትን ተረት ለሠራተኞቹ ይንገሯቸው፤ ርዕሱን፣ ደራሲውንና የታተመበትን ዓመት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ብርሃንና ሰላም ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያትም የኖረ ቤት ስለሆነ፣ የማተሚያ ቤቱ ስም ብቻውን አያደርሳችሁም።

ከዚያ በኋላ በብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ወደሚሸጡት ሰዎች እለፉ። ወረቀቱን አሳዩአቸው፤ እጃቸው ላይ ባይኖር እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ፤ የእኔን ያመጣልኝ ከጎን ያለው ሻጭ የላከው ልጅ ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ መኖሩን፣ መሃሉም አለመገንጠሉን ተመልከቱ። አዲስ መጽሐፍ ከፈለጋችሁ ለገሃር ያለው ጃፋር መጻሕፍት መደብር ለማረፊያችሁ ቅርብ ነው። እሑድን ግን ለመጻሕፍት አትመድቡ፤ ብዙው ዝግ ነው።

የሐዋሳው መንገደኛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ጠዋት በወመዘክር እንጀምራለን፤ ቁልቁለቱን ለቅዳሜ አድርገነዋል። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ሳነብላት አንድ ነገር አስታወሰች፦ የመጽሐፉ ሽፋን አረንጓዴ ነበር፤ በላዩም ከዛፍ ሥር የተቀመጠች ጦጣ ተስላበት ነበር። ይህንንም በወረቀቱ ላይ ጽፈነዋል።