ዚርካሎይ-4 ላይ በአርገን ከተፋቀ በኋላ የሚወጣው ፒክ (የስፔክትረም ጉብታ) እውነት ነው?

ጣና ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነኝ፤ የዚርካሎይ-4ን (የኒውክሌር ነዳጅ መሸፈኛ የሚሠራበት የዚርኮኒየም ቅይጥ) ዝገት እያጠናሁ ነው። ናሙናዎቹ 360 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በአውቶክሌቭ (ከፍተኛ ግፊት በሚችል ዝግ ዕቃ) ቆይተው በካሬ ዴሲሜትር 30 ሚሊግራም ጨምረዋል፤ ኦክሳይዱ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። በኤክስፒኤስ (ላዩን በኤክስሬይ የሚመረምር ዘዴ) ስናየው ላዩ ላይ የዚርኮኒየም 3ዲ ፒክ 182 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። በ3 ኪሎ ቮልት የአርገን አዮን ስንፍቀው ግን 180 አካባቢ ሌላ ጉብታ ይወጣል። ኦክሲጅን ያነሰው ኦክሳይድ ነው? በቅይጡ ውስጥ ያለው ብረት (አይረን) መዝገት አለመዝገቱንስ በምን ልወቅ?

ቾቄ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ አርገኑን ጠርጥር። ከዚርኮኒየሙ ይልቅ ኦክሲጅኑን ቀድሞ ስለሚነቅል፣ የሌለ ነገር ራሱ ይፈጥራል። ንጹሕ የዚርኮኒያ (የዚርኮኒየም ኦክሳይድ) ዱቄት በፕሬስ ጨምቀህ በዚያው ቮልቴጅ፣ ለዚያው ደቂቃ ፍቀው፤ ያው ጉብታ ከወጣ የአርገኑ ሥራ ነው። ሌላም አለ፦ ኦክሳይዱ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ቻርጅ ይይዛል፣ ላዩ ላይ ያለው ካርቦን ደግሞ ተፍቆ ስለሚጠፋ ልኬቱን በካርቦኑ ፒክ፣ በ284.8 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማስተካከል አትችልም። በኦክሲጅን 1ኤስ እና በዚርኮኒየም 3ዲ5/2 መካከል ያለውን ርቀት ተመልከት፤ ለዚርኮኒያ 348 ገደማ ነው። ቻርጅ ሁለቱን እኩል ቢገፋቸውም ርቀቱ አይለወጥም።

በሬ ሆይ፦
ብረቱን በኤክስፒኤስ አትልፋበት፤ በቅይጡ ውስጥ 0.2 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ የኤክስሬይ ምንጭ) ላይ በ7112 ኤሌክትሮን ቮልት፣ በፍሎረሰንስ ዛነስ (ብረቱ ኤክስሬይ ከሚውጥበት ሁኔታ ዝገቱን የሚያሳይ ልኬት) አስለካ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በዚህ ጉልበት ጨረሩ 2 ማይክሮሜትሩን ኦክሳይድ አልፎ ከሥር ያለው ቅይጥ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «ብረቱ አልዘገተም» የሚል ስፔክትረም ብታገኝ፣ ከኦክሳይዱ ሳይሆን ከቅይጡ የመጣ ሊሆን ይችላል። ወይ ጨረሩ ፊቱን እየታከከ በጣም ባነሰ አንግል ይግባ፣ ወይ ናሙናውን በአግድሙ ቆርጠህ በማይክሮ ጨረር አስቃኘው። ማነጻጸሪያ የብረት ፎይል፣ የብረት ኦክሳይድና የዚርኮኒየም-ብረት-ክሮም ውሁድ (ቅይጡ ውስጥ በቅንጣት መልክ ያለው) አብረህ ላክ። ከዚያ በኋላም ኦክሳይዱ ውስጥ ያልዘገተ ብረት ብታይ አትደንግጥ፤ ኦክሲጅን ዚርኮኒየምን ስለሚያስቀድም፣ በውሁዱ ቅንጣቶች ውስጥ ያለው ብረት ወደ ኋላ ይቀራል።

ጣና ዳር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዱቄቱን ሙከራ አስቀድማለሁ። ናሙናውን በምን ጠቅልዬ ልላክ?

ቾቄ፦
በፕላስቲክ ከረጢት አይሁን፤ ላዩን ያቆሽሽብሃል። በንጹሕ አሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለህ፣ ሲሊካ ጄል ካለበት የመስታወት ዕቃ ውስጥ አኑረው፤ የባሕር ዳር ክረምት እርጥበት አይናቅም። ከአውቶክሌቩ በፊት በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አጥበኸው ከነበረም 685 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ፍሎሪን መኖር አለመኖሩን ይፈትሹልህ። ፍሎሪን የያዘ ዚርኮኒየም ፒኩን ከ182 በላይ ስለሚገፋው፣ ልኬቱን ያዛባብሃል።