ጓሳ በኅዳር፦ «ሣሩ ዝግ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር ላይ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር (8 እና 11 ዓመታቸው ነው) መንዝ ጓሳ (ሰሜን ሸዋ ያለው የደጋ ሣር ሜዳ) ለመሄድ አስበናል። ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ነሐሴ ላይ ሄጄ ነበር። ከጉም በቀር ያየሁት ነገር የለም፣ መኪናችንም ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ የሰፈሩ ልጆች ናቸው ገፍተው ያወጡን። አሁን የማውቀው የዚያ አገር ሰው ጋ ደውዬ ስጠይቀው «ኑ፣ ግን ሣሩ ዝግ ነው» ሲለኝ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ አልያዘልኝም። ዝግ ነው ማለት አይገባም ማለት ነው? ከማደሪያ ከመንገድስ ምን የተሻሻለ ነገር አለ? ልጆቹ ቀይ ቀበሮ ሳናይ አንመለስም ብለዋል። ውሻችንም አብሮ ይመጣል።

ጌራ ምድር

እህቴ አትስጊ፣ የተዘጋው ለማጭድና ለከብት ነው እንጂ ለእንግዳ አይደለም። እንደውም ደህና ጊዜ ነው የመረጥሽው፣ ዝግ ሲሆን ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ውኃ ነው የሚሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓሳ የቦታው ስም ብቻ አይደለም፣ የሣሩም ስም ነው። ቤት የሚከደነው በሱ፣ ገመድ የሚገመደው በሱ፣ እረኛ ዝናብ ሲመጣ የሚደርበው ገሳም የሚሠራው በሱ ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው የጠበቁት (የፖለቲካውን ቄሮ ማለቴ አይደለም፣ ስሙ ብቻ ነው የተገጣጠመው 😄)። በሣሩ የመጠቀም መብቱ አስቦና ጌራ የሚባሉ የጥንት አባቶች ዘር ነው ይባላል፣ ወረዳችን ጌራ ምድር የተባለውም ከዚያ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሜዳውን ለ3፣ አንዳንዴ ለ5 ዓመት ይዘጉታል። ሣሩ በቃ ሲባል በበጋው ይከፈታል፣ መጀመሪያ አጫጁ ይገባል፣ ከብት ከዚያ በኋላ፣ ክረምቱ ሲከብድ ሁሉም ይወጣል።

በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ርስትና ዘር ቀረ፣ ቄሮውም አብሮ ፈረሰ። የፈለገ እየገባ አጨደ፣ አጋጠ። በኋላ ሰዉ ራሱ ጉዳቱን አይቶ ከየቀበሌው ኮሚቴ መረጠ፣ ክልሉም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። አሁን ጥበቃው የአገሩ ሰው ነው።

ማደሪያውም የማኅበረሰቡ ነው። እኔ ባደርኩበት ጊዜ ምግብ ይዘሽ ሄደሽ ራስሽ የምታበስይበት ነበር። ሽንኩርትሽንም ዘይትሽንም ይዘሽ ነይ፣ እዚያ ሱቅ የለም። ድንኳን ይዤ እመጣለሁ የምትይ ከሆነ የኅዳር ውርጭ ቀልድ አያውቅም፣ ጠዋት ጀሪካን ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ነው የምታገኚው።

ቢኖኩላር አንጋቹ

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ውሻውን እባክሽ እንዳታመጪው!! ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፣ ሁሉም ተደምረው 500 ቢሆኑ ነው፣ ጓሳ ላይ ደግሞ ጥቂት ደርዘን ናቸው። ከጥይት ይልቅ የሚፈጃቸው ከውሻ የሚጋቡት የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ ባሌ ላይ ስንት ጊዜ እንደጨረሳቸው የሚታወቅ ነው። ያንቺ ውሻ የተከተበ ቢሆንም ሌላ የሚያስይዝ ነገር ይኖራል፣ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወልዱበት ጊዜ ነው። ጉድጓድ አጠገብ ውሻ ሲያዩ ቡችሎቻቸውን በአፋቸው አንጠልጥለው ይሰደዳሉ።

ለማየት ግን ወቅቱ ጥሩ ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥ ነው የሚበላው፣ እዚያ ያለው አይጥ ደግሞ ቀን ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ እንደ ጅብ ሌሊት መጠበቅ የለብሽም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ተከተሉ። ጓሳ ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከ4 ሙከራ አንዱ ብቻ ነው የሚሳካለት፣ ጭላዳ መሃል ሲገባ ግን ከ3ቱ 2ቱ። ጭላዳው አይሸሸውም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም፣ ሣር እየነጩ ሲሄዱ አይጡ ሳይደነግጥ አይቀርም መሰለኝ። ልጆችሽ ይህን ካዩ ሌላ ምንም አይፈልጉም። ጭላዳዎቹ ሌሊት ገደል ላይ ነው የሚያድሩት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ስለዚህ 2 ሰዓት ገደማ ገደሉ አፋፍ አካባቢ ሁኑ። ልጆቹን ግን እጃቸውን ይዘሽ!

ቆርቆሮ

እኔ ደግሞ ትንሽ ላበላሽባችሁ። ሁላችሁም ሣሩ ሣሩ ትላላችሁ፣ አሁን መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ስንት ሰው ነው ቤቱን በጓሳ የሚከድነው? ሁሉም ቆርቆሮ ነው፣ እኔም የወላጆቼን ቤት ቆርቆሮ ነው ያለበስኩት፣ አይቆጨኝም። ገሳ የሚለብስ ልጅም የለም፣ ላስቲክ አለ። ሥርዓቱ የቆየው ሣሩ ስላስፈለገ ነው፣ ሣሩ ካላስፈለገ 3 ዓመት ዝም ብሎ የሚጠብቀው ማነው? ከአዲስ አበባ ፎቶ ለማንሳት የሚመጣ ሰው ነው? ገበሬው እኮ የእርሻ መሬት እየጠበበው ነው። መንገዱም ቢሆን ተሻሽሏል የሚለኝ ካለ በአህያ ነው የሄደው።

ጌራ ምድር

ቆርቆሮ፣ ስለ ክዳኑ እውነትህን ነው፣ የኛም ቤት እንደዚያው ነው። ግን አንድ ነገር ዘልለሃል። ውኃስ? የጓሳ ውኃ ገሚሱ ወደ አባይ ገሚሱ ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው፣ ምንጮቹ ሁሉ ከዚያ ሣር ሥር ነው የሚነሱት። ልቅ ሆኖ በነበረበት ጊዜ ምንጭ ደረቀብን እያሉ ሲያወሩ ከእናቴ ሰምቻለሁ። ደግሞ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የት ሊሄድ ነው? ያኔ ጓሳ ነው መጠባበቂያው። ወጣቱ ግን ለክዳን ብሎ እንደማይጠብቀው እስማማለሁ፣ ከእንግዳ የሚገኘው ገንዘብ ወደ ቤቱ መድረስ አለበት፣ እሱ ላይ አልከራከርህም።

ቆርቆሮ

እሺ፣ ውኃዋን ተቀብያለሁ። ገንዘቡ ግን ይድረስ።

ቢኖኩላር አንጋቹ

ለእናትየው አንድ የረሳሁት። ቦታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ነው፣ ልጆችን ራስ ምታት ሊይዛቸው ይችላል። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ይደረሳል፣ ግን መጀመሪያ ደብረ ብርሃን እደሩ፣ ለምዷቸው ይሄዳሉ። ከጣርማ በር በኋላ ያለውን መንገድና የአካባቢውን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት ጠይቁ፣ የአምና ወሬ ይዛችሁ አትውጡ።

የሁለት ልጆች እናት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ውሻው እናቴ ጋ ይቀራል፣ ትንሹ ልጄ ለግማሽ ሰዓት አልቅሶብኛል ግን የቀበሮ ቡችሎቹን ነገር ስነግረው ዝም አለ። ሣሩ ዝግ ሆኖ ሳለ መሃሉ ገብተን ብንረግጠው ግን አይከፋቸውም? ሌላው፣ ትልቋ ገሳ ምን እንደሚመስል አሳዪኝ እያለች ነው። ገበያ ላይ አሁንም ይገኛል?

ጌራ ምድር

ጠባቂው የሚመራችሁ ዱካ አለ፣ ከሱ አትውጡ በቃ። ገሳ ገበያ ላይ አይቼ አላውቅም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ። አጎቴ ጋ አንድ አሮጌ ተሰቅሎ አለ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ቤቱን አሳይሻለሁ። ቡና ሳትጠጡ አይለቃችሁም፣ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።