የነርሲንግ ተማሪዎቼን ጤናማ አኗኗር ለማስለመድ ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በአንድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የነርሲንግ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የደም ግፊት ሕሙማንን ሲመክሩ፣ ጨው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ፣ የሰውነት እንቅስቃሴም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣውን ምክር አንድም ሳያጓድሉ ያስረዳሉ፤ ራሳቸው ግን ከአዳር ተረኝነት ሲወጡ ቁርሳቸውን በለስላሳና በብስኩት አልፈው፣ እንቅልፋቸውን ሳይጠግቡ ወደ ክፍል ይመጣሉ። ገለጻ ሰጥቻቸው በትሕትና አዳመጡኝ፤ የተለወጠ ነገር ግን የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ቁርስ የምዘል ነኝና ምክሬ ክብደት ሳያጣ አልቀረም። ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቅ፣ ተማሪዎችንም ሳያሸማቅቅ፣ በተለይ በአዳር ተረኝነት ሳምንት ምግባቸውንና እንቅልፋቸውን እንዲጠብቁ የረዳ ዘዴ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ከምን እንደጀመራችሁና ለውጡን ለማየት ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ ብትገልጹልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።