ከ«ሃክልቤሪ ፊን» ቀጥሎ ምን ይነበብ?

«ሃክልቤሪ ፊን»ን ጨርሳችሁ ታሪኩ አልለቅ ካላችሁ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። የማርክ ትዌይን መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ታሪኩን በየራሳቸው መንገድ መልሰው ጽፈውታል። እኔ የምመዝናቸው በአንድ ነገር ነው፤ ትዌይን ነክቶ ያለፈውን ቦታ ገብቶ ያየው የትኛው ነው?

ለምሳሌ ምዕራፍ 23ን አስታውሱ። ከባርነት የሸሸው ጂም ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ሆኖ ለተራኪው ለሃክ ስለ ልጁ ያወራል። የአራት ዓመቷን ልጅ «በሩን ዝጊ» ይላታል። ፈገግ ብላ ቆማ ታየዋለች። በጥፊ ይላታል። ጥቂት ቆይቶ ነፋስ በሩን ከኋላዋ ድርግም ሲያደርገው ልጅቷ ንቅንቅ አትልም። ለካ ታማ ከዳነች በኋላ ጆሮዋ አይሰማም። ይህን ሳነብ ሁሌም ሆዴ ይላወሳል። ትዌይን ግን ወደ ቀጣዩ ጀብዱ ይሄዳል። የልጅቷን እናት ስም እንኳ አይነግረንም።

ናንሲ ሮውልስ በ2005 «ማይ ጂም»ን የጻፈችው ስለዚህች እናት ነው። ሴዲ ትላታለች። ሴዲ አርጅታ ከልጅ ልጇ ጋር ብርድ ልብስ እየሰፋች ያለፈውን ታወራለች። አጭር መጽሐፍ ነው፤ ግን ቶሎ አያልቅም፣ እየቆሙ ነው የሚያነቡት። የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው።

ቀጥሎ የፐርሲቫል ኤቨረት «ጄምስ»። በ2024 ወጥቶ በ2025 የፑሊትዘር ሽልማትን አሸንፏል። እዚህ ተራኪው ራሱ ጂም ነው። መጀመሪያ አካባቢ ልጆችን ሰብስቦ ነጮች ፊት እንዴት እንደሚናገሩ ያስተምራቸዋል። የእመቤቲቱ ማድ ቤት ቢቃጠል «እሳት!» ብሎ መጮህ አይሆንም። «ኧረ እዚያ ይመልከቱ!» ነው የሚባለው፤ ችግሩን በስሙ መጥራት ያለባት እሷ ናት። በሰምና ወርቅ ላደግን ሰዎች ይህ ትዕይንት ቶሎ ይገባናል። ልዩነቱ እዚህ ሰሙ ከጅራፍ ማምለጫ መሆኑ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ከትዌይን መንገድ ይወጣል፣ ዘመኑንም ወደ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መነሻ ያመጣዋል። አንዳንድ ወዳጆቼ እዚያ ላይ ቅር ብሏቸዋል። እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

የጆን ክሊንች «ፊን» (2007) የሃክን ሰካራም አባት ይዞ ይነሳል። ጎበዝ ጽሑፍ ነው፣ ግን በጣም ጨለማ ነው። እንቅልፍ ለሚነሳችሁ ነገር ዝግጁ ካልሆናችሁ ይቅርባችሁ። የሮበርት ኩቨር «ሃክ አውት ዌስት» (2017) ሃክን ወደ ምዕራብ ወስዶ አሳድጎታል። የሃክን ጓደኛ ቶም ሶየርን የማትወዱ ደስ ይላችኋል፤ ሌሎቻችሁ ብታቆዩት ችግር የለውም።

ዋናውን ገና ላላነበባችሁ፣ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። የሰፈር እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ሊብሪቮክስ ላይ የድምፅ ቅጂውን፣ እሱም በነፃ፣ ከጽሑፉ ጋር አብራችሁ ስሙት። ለኔ የተፈታልኝ እንደዚያ ነው። ለልጆች የምታነቡ ከሆነ ግን ጥቁሮችን የሚያዋርደው ስድብ ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚመጣ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አውሩበት።