«ባግ» ከእሳት እራት፣ «404» ከክፍል ቁጥር መጣ ይባላል፤ እንዴት ይጣራል?

ፊደል ቆጣሪ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኢንተርኔት ቃላት አመጣጥ የሚዞሩ አጫጭር ታሪኮችን እየሰበሰብኩ ነው። የኮምፒውተር ብልሽት «ባግ» (በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት ነው) የተባለው ኮምፒውተር ውስጥ የእሳት እራት ስለተገኘች ነው፤ «404» (የተጠየቀው ገጽ ሳይገኝ የሚወጣው ቁጥር) ድሩ በተጀመረበት የምርምር ማዕከል፣ ሰርን ውስጥ የነበረ ክፍል ቁጥር ነው፤ «ስፓም» (ሳይጠየቅ በጅምላ የሚላክ መልእክት) ምህጻረ ቃል ነው፣ ወዘተ። ሁሉም ይጥማሉ፣ አንዱም ምንጭ የለውም። የትኛው እውነት ነው? ሌላ ሲገጥመኝስ ራሴ የማጣራው በምን መንገድ ነው?

አሮጌ መዝገብ
የእሳት እራቷ እውነት ናት፤ ታሪኩ ግን ተገልብጦ ነው የሚነገረው። መስከረም 9 ቀን 1947 (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዳቸው) ሃርቫርድ ማርክ 2 በተባለው ኮምፒውተር ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ውስጥ ተገኘች፤ የሥራ መዝገቡ ላይም ተለጠፈች። መዝገቡ ዛሬ በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ነው። አጠገቧ የተጻፈው «ባግ በእርግጥ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው» የሚል ነው። ቀልዱ የሚያስቀው «ባግ» ብልሽት ማለት እንደሆነ ጸሐፊው አስቀድሞ ካወቀ ብቻ ነው። ኤዲሰን እንኳን በ1878 ደብዳቤው ላይ በዚሁ ትርጉም ተጠቅሞበታል። ታሪኩ በስማቸው የሚነገረው የኮምፒውተር ባለሙያዋ ግሬስ ሆፐርም ታሪኩን አዘውትረው ያወሩት ነበር እንጂ እራቷን ያገኙት እሳቸው አይደሉም።

404 ተረት ነው። የመጀመሪያው 4 «ስህተቱ ከጠያቂው ወገን ነው» ማለት ሲሆን፣ 04 ደግሞ ከ400 እስከ 403 ካሉት ቀጥሎ የመጣ ተራ ቁጥር ነው። ድሩን ከጀመሩት አንዱ ሮበርት ካዮ ራሳቸው የክፍሉን ወሬ ውድቅ አድርገውታል። ቀልድ የሆነው ቁጥር 418 ነው፦ ሚያዝያ 1 ቀን 1998 በወጣ ሰነድ ላይ «እኔ የሻይ ጀበና ነኝ» የሚል መልስ ተሰጥቶት እስከ ዛሬ አልተሰረዘም።

«ስፓም» ከ1937 ጀምሮ የሚሸጥ የታሸገ ሥጋ ስም ነው። በ1970 በተላለፈ የብሪታኒያ ኮሜዲ ላይ ቃሉ በዝማሬ እየተደጋገመ የሌላውን ሁሉ ንግግር ይውጠዋል፤ የመስመር ላይ ጨዋታና ቻት ተጠቃሚዎችም ስክሪን በከንቱ ጽሑፍ ማጥለቅለቅን በዚህ ስም ጠሩት። «የመጀመሪያው ስፓም» የሚባለው የ1978 ማስታወቂያ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ሲላክ ማንም በዚህ ስም አልጠራውም፤ ስሙ ኋላ የተለጠፈበት ነው። ባጠቃላይ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የነበረ ቃል «ምህጻር ነው» ከተባልክ ብዙ አትድከም፤ ያ ልማድ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

የድር ቆፋሪ
ለማጣራት መጀመሪያ ጉግል ኤንግራም ግባ፤ አንድ ቃል በየዓመቱ በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ ምን ያህል እንደተጻፈ በግራፍ የሚያሳይ ነው። ስሙዚንግ (ግራፉን ማለስለሻ) የሚለውን ከ3 ወደ 0 አውርደው። በ3 ከተውከው እያንዳንዱ ዓመት ከፊትና ከኋላው ካሉት ሦስት ሦስት ዓመታት ጋር ተደባልቆ አማካዩ ስለሚታይ ቃሉ ከመወለዱ በፊት የነበረ ይመስላል። ከ40 ባነሱ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ቃል ጨርሶ አይወጣም፤ ስለዚህ ዜሮ ማለት «አልነበረም» ማለት አይደለም።

ግራፉን አትመን፤ ከሥሩ ያለውን የዓመት ማገናኛ ተጭነህ የገጹን ፎቶ እይ። አስቂኙ ነገር ያለው እዚያ ነው። ከ1800 ገደማ በፊት በታተሙ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የ«ስ» (s) ፊደል በቃል መነሻና መሃል ላይ እየረዘመ «ፍ»ን (f) ይመስል ስለነበር ማሽኑ «ኬዝ» (case) የሚለውን «ካፌ» (cafe) ብሎ ያነበዋል። ቡና ቤት በዝቶ ካየህ ነገሩ ይኸው ነው። መጽሔቶች ደግሞ በተመሠረቱበት ዓመት የሚመዘገቡበት ጊዜ ስላለ «ኢንተርኔት» የሚለው ቃል ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ብቅ ይላል። 1899ን በተለይ ተጠራጠር፤ ዓመታቸው ያልታወቀ ብዙ መጻሕፍት በአንድ ወቅት በዚያ ቁጥር ገብተው ነበር።

ለድረ ገጽ የድሮ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ይሻላል፤ ከ1996 ጀምሮ ያስቀመጠው አለ። በአድራሻው መሃል ያሉት 14 አሃዞች ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ናቸው። ነገር ግን ቀኑ የዋናው ገጽ ብቻ ነው፤ ምስሉና የጎን ዓምዱ ከሌላ ቀን ተጎትቶ ሊሆን ስለሚችል ቃሉ ያለው በዋናው ጽሑፍ ውስጥ መሆኑን አረጋግጥ። የጉግል የቀን ማጣሪያም በዚሁ ያሳስታል፦ በ2005 ገጽ ሥር ትናንት የተጻፈ አስተያየት የ2005 መስሎ ይወጣል።

ሞክሼ
በአማርኛ ሲፈለግ ችግሩ ሌላ ነው። «ድረ ገጽ»ን ብቻ ብንወስድ በ«ጽ»ና በ«ፅ»፣ ተነጣጥሎና ተጣብቆ አራት መልክ አለው፤ አራቱንም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ለየብቻ ፈልጋቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ሲጨመሩማ ቁጥሩ ይፈነዳል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 በስሪት 3.0 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተጻፈው በየፎንቱ የተለየ ኮድ ወይም በምስል ነው፤ ፍለጋ አያገኘውም። «ይህ ቃል ከ2000 በፊት አልነበረም» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚለካው የፎንቱን ዕድሜ ነው። ሰነዱ ላይ ያለው ዓመት በእኛ ይሁን በፈረንጆች መለየትም አትርሳ፤ ሰባት ስምንት ዓመት ብዙ ቃል ያስወልዳል።

ፊደል ቆጣሪ
ይህ ሁሉ በጣም ጠቅሞኛል። አንድ ልጨምር፦ «ኢሞጂ» ከ«ኢሞሽን» መምጣቱስ?

አሮጌ መዝገብ
አይደለም፣ መገጣጠም ነው። ጃፓንኛ ነው፤ «ኤ» ሥዕል፣ «ሞጂ» ፊደል። ከ«ኢሞሽን» የመጣው «ኢሞቲኮን» ነው፤ ማለትም በሥርዓተ ነጥብ የሚሠራው :-) ዓይነት። ይህኛው ልደቱ ተመዝግቧል፦ ስኮት ፋልማን መስከረም 19 ቀን 1982 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መልእክት ሰሌዳ ላይ ለቀልድ ምልክት ይሁን ብለው አቀረቡት፤ ዋናው መልእክትም በ2002 ከመጠባበቂያ ቴፕ ላይ ተፈልጎ ተገኝቷል። ለስብስብህ በዚህ ደረጃ ማስረጃ ያለው ጥቂት ነው።