ጥቆማ፦ ለከባድ የድርጅት ሥራ ክላውድ ወይስ የራስ ሰርቨር?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። መድኃኒት አስመጪና አከፋፋይ ነን። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ቅርንጫፎቻችን ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ናቸው። ሒሳቡም መጋዘኑም ሽያጩም ኦዱ በሚባል የድርጅት ሶፍትዌር ይሠራል፣ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ነው። የወር መጨረሻ ሪፖርት ሲወጣ ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። አለቆቼ «ወደ ክላውድ ውሰደው» ይላሉ፤ በኢንተርኔት የሌላ ድርጅት ሰርቨር ተከራይ ማለታቸው ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰርቨር ጠባቂ፦ የእናንተ ዳታቤዝ ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን ይሠራል። የውጭ ክላውድ የሚያዋጣው ዛሬ መቶ ኮር (የፕሮሰሰር አሃድ) ፈልጎ ነገ ለሚመልስ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሰርቨር ገዝታችሁ በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ካሉት የመረጃ ማዕከላት በአንዱ አስቀምጡ። ራክሲዮም ዊንጉም እዚያ አሉ። ቦታውን፣ መብራቱንና ማቀዝቀዣውን ያከራያሉ፤ ማሽኑ የእናንተ ነው።

የዶላር ነገር ደግሞ አለ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከ29 ሺህ ብር በታች የነበረ የ500 ዶላር ወርኃዊ የክላውድ ሒሳብ፣ አንድም ነገር ሳይጨመርበት ከ50 ሺህ በላይ ሆነ። ይህን ለፋይናንስ ኃላፊ ማስረዳት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

መረጃ ማስወጣትም ያስከፍላል። የአማዞን ክላውድ ፍራንክፈርት ማዕከል ላይ ማስገባቱ ነፃ ነው፤ ሲወጣ ግን በወር ከመጀመሪያው 100 ጊጋባይት በኋላ ለእያንዳንዱ ጊጋባይት ወደ 9 ሳንቲም ዶላር ይጠየቃል። በየቀኑ 50 ጊጋባይት መጠባበቂያ ቅጂ ወደ አዲስ አበባ የሚያወርድ ድርጅት ለዚህ ብቻ በወር 126 ዶላር ገደማ ይከፍላል።

የቃሊቲው፦ የአማዞን ኬፕ ታውንስ? አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ አይሻልም?

ሰርቨር ጠባቂ፦ አማዞን ኬፕ ታውን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል ጆሃንስበርግ አላቸው። ካርታ ላይ መቅረብ ግን ለብቻው ምንም አይደለም፤ መረጃው የሚሄደው ገመዱ በተዘረጋበት መንገድ ነው። ከሐዋሳ ቅርንጫፍ ሆናችሁ በሥራ ሰዓት ለኩት። የአማዞን ኬፕ ታውን ዋጋም ከፍራንክፈርቱ ይበልጣል።

መሠረት ከሃርድዌር ክፍል፦ ማሽኑን ልናገር። ያገለገሉ ዴል ፓወርኤጅ አር730 እና ኤችፒ ፕሮላያንት ዲኤል380 ጄን9 የሚባሉ ሰርቨሮች ገበያ ላይ አይጠፉም፤ ለእናንተ ሥራ ጉልበታቸው አያንስም። ገንዘባችሁን ራምና ዲስክ ላይ አፍስሱ። ራሙ ስሕተት የሚያርም ዓይነት ይሁን። ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ)፣ ያውም መብራት በድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለውን መረጃ የሚያድን የሰርቨር ኤስኤስዲ ይሁን፤ አራት ዲስክ ገዝታችሁ በሬይድ 10፣ ማለትም አንዱ ቢበላሽ ቅጂው በሌላው ላይ በሚገኝበት አሠራር፣ እሰሯቸው። የላፕቶፕ ኤስኤስዲ ሰርቨር ውስጥ ከትቶ የሚሸጥ ነጋዴ አለና ሣጥኑን አስከፍቱ።

ቢሮ ውስጥ እናስቀምጠው ካላችሁ ደግሞ ከፍታውን አትርሱ። አር730 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይችላል ቢባልም፣ ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወሰኑ ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ጀነሬተሩም የተጻፈበትን ኃይል አይሰጥም። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስም ኦንላይን የሚባለው፣ ኃይሉን ሁልጊዜ በራሱ በኩል አጣርቶ የሚሰጠው ዓይነት ይሁን።

ሒሳብ ሹም፦ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ የሌለው ድርጅት ማሽን ገዝቶ ምን ያደርገዋል? የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በብር ይከፈላል፣ መረጃው ከአገር አይወጣም። የሠራተኛና የደንበኛ የግል መረጃ ስላላችሁ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል፤ ወደ ውጭ ለማስተላለፍ ቅድመ ሁኔታ አለው።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ልክ ነው፤ ባለሙያ ከሌለ እኔም ቴሌክላውድን እመርጣለሁ። ብቻ ከመፈረማችሁ በፊት የዳታቤዛችሁን ቅጂ ጫኑበትና የወር መጨረሻውን ሪፖርት አሂዱ። የዲስኩ ፍጥነት የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ባለሙያ አለን፣ አንድ ነው።

መሠረት ከሃርድዌር ክፍል፦ እንግዲያው አይሲቲ ፓርክ አስገቡት። ውሉ ላይ ሌሊት ዲስክ ቢበላሽ የእነሱ ሠራተኛ ይቀይርላችሁ እንደሆነና ስንት እንደሚያስከፍል ይጻፍ። ሁለተኛውን መጠባበቂያ ቅጂ ከዚያ ሕንፃ ውጭ፣ ቴሌክላውድ ላይ አድርጉት። ኢንተርኔቱንም ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሳፋሪኮም፣ ሁለት መስመር ያዙ።